እሳት አደጋ መኪናው ደርሶ ለምን ቆመ?

የበርጩማው ልጅ | ሰኞ ማታ 3:10

ሰላም ለዚህ ቤት። ንዴቴ ገና ስላልበረደ ነው የምጽፈው፣ ቃል ካመለጠኝ ከወዲሁ ይቅርታ።

ቅዳሜ ማታ እዚህ ጅማ፣ ከአወቱ ወንዝ ብዙም የማይርቀው ሰፈራችን ውስጥ፣ የአንድ ጎረቤታችን የእንጨት ሥራ ቤት ተቃጠለ። የእንጨት ሥራ ቤት ማለት ሰጋቱራ፣ ቫርኒሽ፣ ኮላ፣ ኮምፖልሳቶ ማለት ነው። አንዴ ከተነሳ አይመለስም። እኛ ከጉድጓድ በባልዲና በጀሪካን እየቀዳን ስንራወጥ እሳት አደጋ መኪናው መጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። ከዚያ ቅያሱ አፍ ላይ ሲደርስ ቀጥ! አንዱ ሰውዬ ወርዶ በባትሪ ወደ ላይ ማየት ጀመረ። እሳቱን አይደለም፣ ሽቦውን። ቀጥሎ እኛ ላይ መጮህ፣ "ወደ ኋላ! ሁላችሁም ወደ ኋላ!"

እርግጥ ከጣሪያው ጫፍ የነበረው ገመድ ተቃጥሎ አንዱ ጫፍ መንገድ ላይ ተንጠልጥሏል። መንገዱን የሚያቋርጠው ሽቦም ፓሎው ስላዘመመ ረግቧል፣ መኪናው አናት ላይ ያለው መሰላል ሊነካው ትንሽ ነው የቀረው። ይሄ ይገባኛል። ግን አሥራ አምስት ደቂቃ ቆሙ። ሰው ንብረቱ ዓይኑ እያየ ሲነድ አሥራ አምስት ደቂቃ ስንት ዓመት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

የአክስቴ ልጅ ትዕግሥቱ አለቀ። አጣና አንስቶ ሽቦውን ወደ ላይ ገፋ አደረገና "በሉ እለፉ!" አለ። ሰውዬው ሮጦ በኮሌታው ይዞ ወደ ኋላ ወረወረው። ሊደባደቡ ሲሉ ሽማግሌ ገባ። በመጨረሻ ሰፈሩ በሙሉ ጨለመ፣ መኪናው ገባ፣ እሳቱ ጠፋ። ግማሹ ቤት ግን ከነማሽኑ አመድ ሆኗል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። መኪናው ጎማ አለው። ጎማ ደግሞ ኮረንቲ አያስተላልፍም። ታዲያ ምን ፈርተው ነው?


ጋራዥ አጂፕ | ሰኞ ማታ 3:22

እውነትህን ነው። እኔ መካኒክ ነኝ፣ ጎማ ላስቲክ ነው፣ ላስቲክ ኢንሱሌተር ነው፣ ይሄ የስድስተኛ ክፍል ትምህርት ነው። ፈሪ ሰው እሳት አደጋ ላይ መቀጠር የለበትም።


ባለ ሦስት እግር | ሰኞ ማታ 3:25

እኔ ባጃጅ ነው የምነዳው፣ ሦስት ጎማ ብቻ ነው ያለኝ። በሂሳቡ ከእናንተ ሩብ ያህል ቶሎ እሞታለሁ ማለት ነው?


ሲኒ ቀያሪ | ሰኞ ማታ 4:01

የበርጩማው ልጅ፣ ንብረት ይተካል፣ አይዞን። የአክስትህን ልጅ ግን ያ የሚሰደበው ሰውዬ ነው ያተረፈው። ቡና አስፈልቶ ይጥራው።

የመብራት መስመር ላይ ከ10 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ቀና ብላችሁ ፓሎ ስታዩ ብዙ ቦታ ሁለት ዓይነት መስመር አለ። ታች ያለው ወደ ቤታችሁ የሚገባው ነው፣ ለቤት 220፣ ለባለ ሦስት ፌዝ ማሽን 380 ቮልት። ከላይ ሲኒ ላይ፣ ማለትም ሽቦውን ከፓሎው በሚለየው መያዣ ላይ፣ የተቀመጡት ሦስቱ ደግሞ 15 ሺህ ቮልት ናቸው፣ አንዳንድ ቦታ 33 ሺህ። ሽፋን የላቸውም፣ ራቁታቸውን ናቸው። ፓሎ ሲያዘም ወይም እሳት ሲበላው የላይኛው ታችኛው ላይ ይወድቃል። ያኔ "ይሄ የቤት መስመር ነው" ብለህ የነካኸው ሽቦ 15 ሺህ ይዞ ሊጠብቅህ ይችላል። ማታ፣ በጭስ ውስጥ፣ ከታች ቆሞ የትኛው የትኛውን እንደነካ ማንም አይለይም። ሰውዬው በባትሪ ሲያይ የነበረው ይሄንን ነው።

ጋራዥ አጂፕ ወንድሜ፣ የመኪና ጎማ ንጹህ ላስቲክ አይደለም። ጥቁር ያደረገው ካርቦን ነው። ውስጡ የብረት ሽቦ አለ፣ አንተ ከማንም በላይ ታውቀዋለህ፣ ጎማ ሲበላ ሲወጣ አይተኸዋል። በዚያ ላይ የጅማ ጭቃና ዝናብ ጨምርበት። 15 ሺህ ቮልት ሲመጣበት ያሳልፋል። ሲያሳልፍ ደግሞ ከውስጥ ይቃጠላል። ውጪው ደህና መስሎ ከሰዓታት በኋላ የሚፈነዳ ጎማ አለ፣ ስለዚህ መብራት ተቆርጦም ቢሆን እንደዚያ የሆነ መኪና አጠገብ ሻይ እየጠጡ መቆም የለም።

አጣናውን በተመለከተ። የደረቀ እንጨት ለ220 አንዳንዴ ያድናል። ቅዳሜ ዝናብ ነበር። እርጥብ ባህር ዛፍ ይዞ ሽቦ መግፋት ማለት ኮረንቲን በእንግድነት መጥራት ነው።


ጡረተኛው ሾፌር | ሰኞ ማታ 4:40

ልጆች፣ እኔ ሌላ ከተማ ነው ያገለገልኩት፣ ጡረታዬን ይዤ ነው ወደ ትውልድ አገሬ ጅማ የተመለስኩት። እሳት አደጋ መኪና 19 ዓመት ነዳሁ። እስኪ እኔም ልበል።

መኪናው ሽቦ ቢነካ ጋቢና ውስጥ ያለው ሾፌር አይደለም ቀድሞ የሚሞተው። መኪናው ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ኮረንቲ ይሆናል፣ ሾፌሩም አብሮ። ሽቦ ላይ ያረፈች ወፍ ማለት ነው። የሚሞተው እግሩ መሬት ላይ ሆኖ እጁ መኪናውን የነካው ነው። እኛ መኪና ላይ ደግሞ ያ ሰው ሁልጊዜ አለ። ፓምፑን የሚይዘው ነው። ጎን ላይ ካለው ሰሌዳ ፊት ይቆማል። እግሩ ስር ውሃ ይንጠባጠባል፣ ቀኝ እጁ የብረት ማንሻው ላይ ነው፣ ዓይኑ ጌጁ ላይ። ወደ ላይ የሚያይበት ዓይን የለውም። ከኋላው ደግሞ ቱቦ የሚጎትቱ ልጆች አሉ፣ ቱቦውም ውሃ ሞልቷል።

አንድ ሌሊት፣ ዝናብ፣ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ። መሰላሉን ማንሳት ጀመርን። መሰላል ከመነሳቱ በፊት መኪናው እንዳይገለበጥ አራት የብረት እግሮች ወደ ጎን ወጥተው መሬት ይረግጣሉ። ያኔ የጎማው ነገር አበቃ፣ መኪናው በአራት ብረት መሬት ላይ ተተክሏል። እኔ መሰላሉን የማንቀሳቅሰው ወደ መስኮቱ እያየሁ ነው፣ እዚያ ሰው አለ እያሉ ይጮሃሉ። ጭሱ ሽቦውን ሸፍኖታል። ድንገት ረዳቴ "ጋሼ ቁም!" አለ። ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። አቆምኩ። ጭሱ ሲገለጥ ከመሰላሉ ጫፍ እስከ ሽቦው ክንድ አይሞላም። ፓምፑን የያዘው ልጅ ምንም አላወቀም፣ እያፏጨ ነበር።

ከዚያ ሌሊት በኋላ መሰላል ሲነሳ አንድ ሰው ቱቦም አይነካ፣ በርም አይሰብር፣ ወደ ላይ ብቻ ይይ አልኩ። አንዳንዱ "ሥራ ፈት" ይለው ነበር። የእናንተም ሰፈር ያ በባትሪ የሚያየው ሰው ሥራው እሱ ነው።


ጋራዥ አጂፕ | ሰኞ ማታ 4:52

እሺ የጎማውን ተሸነፍኩ። ጋሼ ይቅርታ፣ ፈሪ ያልኩትን አንስቻለሁ። ግን አንድ ነገር ግልጽ አልሆነልኝም። ሳይነካ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ካለ ምን ችግር አለው?


ሲኒ ቀያሪ | ሰኞ ማታ 5:05

ጥሩ ጥያቄ ነው። 15 ሺህ ቮልት ንጹህ ደረቅ አየር ላይ ብዙ አይዘልም፣ ቢበዛ ሴንቲሜትሮች ነው። ግን ብዙ አገር የደህንነት ርቀት ሲባል ከ3 ሜትር ያላነሰ የሚሉት ዝም ብለው አይደለም። ሽቦ በነፋስ ይወዛወዛል፣ ሙቀት ሲያገኘው ይረግባል። መሰላል ሰው ሲወጣበት ይታጠፋል። ከታች የሚያይ ዓይን ርቀት ይሳሳታል፣ በተለይ ማታ። ጭስና ነበልባል ደግሞ እንደ ንጹህ አየር አይደለም፣ መንገድ ይከፍትለታል። ቮልቱ ከፍ ባለ ቁጥር ዝላዩም ይረዝማል፣ እንደ 132 ሺህ ያሉት በብረት ማማ ላይ የሚሄዱት መስመሮች አጠገብማ ወሬውም ሌላ ነው።


ከሂርማታ | ማክሰኞ ጠዋት 2:15

ስለዚሁ ሳነብ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። እኛ ነሐሴ 15 ቀን 2006 በምንለው ቀን፣ አሜሪካ ኬንታኪ ውስጥ ካምቤልስቪል በምትባል ከተማ። ያኔ በረዶ ውሃ አናት ላይ የማፍሰስ ነገር ፋሽን አልነበር? የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ከፍ ብሎ ውሃ ለማፍሰስ እሳት አደጋ መኪና መጣ። እሳት የለም፣ ጭስ የለም፣ ቀን ነው፣ ጨዋታ ነው። ውሃው ፈሰሰ፣ ተማሪዎቹ ሳቁ፣ አለቀ። ከዚያ መሰላሉ ሲንቀሳቀስ ወደ ከፍተኛ መስመር ተጠጋ። አልነካውም። ኮረንቲው ግን ዘለለ። ጫፉ ላይ ያሉት ሁለቱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ክፉኛ ተቃጠሉ፣ ሌሎች ሁለት ባልደረቦቻቸውም ተጎዱ። ክፉኛ ከተቃጠሉት አንዱ፣ ማዕረጉ ካፒቴን ነበር፣ ከአንድ ወር በኋላ መስከረም 10 ሞተ።

እንግዲህ የሠለጠነ ሰው በጠራራ ፀሐይ እንዲህ ከሆነ፣ በሌሊትና በጩኸት መሃል ያለውን አስቡት።


አንድ ነርስ | ማክሰኞ ጠዋት 2:50

ያ ካፒቴን አንድ ወር ቆይቶ መሞቱ አይግረማችሁ። ኮረንቲ የያዘው ሰው ሲመጣ ብዙ ጊዜ ላዩ ላይ ያለው ቁስል ትንሽ ነው። መዳፉ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ እግሩ ላይ ሌላ ነጥብ። ቤተሰብ "ትንሽ ነው የነካው፣ ቅባት ስጡን" ይላል። ከነጥቡ እስከ ነጥቡ መካከል ያለው ጡንቻ ግን ውስጥ ለውስጥ በስሏል። ሽንቱ እንደ ሻይ ይጠቁራል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ልብም ምቷ ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ "ደህና ነኝ" ቢልም መታየት አለበት፣ የልብ ምርመራ ሳይደረግለት ወደ ቤት አይሄድም።

የበርጩማው ልጅ፣ የአክስትህ ልጅ እጁን ነዝሮት ነበር? ዛሬ ነገ ሳትል አምጣው።

ደግሞ እባካችሁ፣ ኮረንቲ የያዘውን ሰው በእጃችሁ አትጎትቱ። አንድ አልጋ ላይ ሁለት ወንድማማች የምንቀበለው በዚህ ምክንያት ነው።


የበርጩማው ልጅ | ማክሰኞ ቀን 6:30

እህቴ፣ አልነዘረውም ይላል። ግን ከቅዳሜ ጀምሮ ያለ ወትሮው ዝም ብሏል፣ የእናንተን ጽሑፍ አንብቤለት ደግሞ ጭራሽ ዝም አለ።

ሌላ ጥያቄ አለኝ። መኪናው ሽቦ ቢነካና ጋቢና ውስጥ ብንሆንስ? ወይ ባጃጅ ላይ ሽቦ ቢወድቅ? ቁጭ ብሎ መሞት ነው?


ጡረተኛው ሾፌር | ማክሰኞ ቀን 7:10

ቁጭ ብሎ መዳን ነው እንጂ። ብረት አትነካኩ፣ ከውጭ የሚሮጠውን ሰው "አትጠጉ" ብላችሁ ጩኹ፣ መብራቱ መቆረጡ እስኪረጋገጥ ጠብቁ።

መውረድ የግድ የሚሆነው መኪናው ራሱ ሲቃጠል ብቻ ነው። ያኔም አትወርዱም፣ ትዘላላችሁ። አንድ እጅ በሩ ላይ፣ አንድ እግር መሬት ላይ ሆነ ማለት አለቀ። ሁለት እግር ገጥሞ፣ እጅን ደረት ላይ አጣብቆ፣ ሳይወድቁ መዝለል። ከዚያ እንደ ሰው መራመድ የለም። እግር ለእግር ሳይለያይ እየጎተቱ ወይም እየዘለሉ 10 ሜትር፣ ከተቻለም ከዚያ በላይ መራቅ ነው። እኛን ሲያሰለጥኑን ይሄንን ሜዳ ላይ አዘለሉን፣ ሰፈር ሕፃናት ተሰብስበው ሲስቁብን ዋሉ።


ባለ ሦስት እግር | ማክሰኞ ቀን 7:18

ጋሼ ለምን እንደ ሰው አንራመድም? ባጃጅ ደግሞ በር የለውም፣ ብረቱ ጉልበቴ ሥር ነው። በየት በኩል ልዝለል?


ሲኒ ቀያሪ | ማክሰኞ ቀን 7:44

የባጃጁ አዘላለል ያው ነው፣ ቱቦውን ሳትይዝ። ከባድ ነው፣ አልዋሽህም። ባትነካካ ይሻላል።

አረማመዱ እንዲህ ነው። ሽቦ መሬት ሲነካ ኮረንቲው መሬቱ ውስጥ ይሰራጫል። ሽቦው ያለበት ቦታ ላይ ኃይለኛ ነው፣ እየራቅህ ስትሄድ ይቀንሳል። አንድ እግርህ ለምሳሌ 3 ሺህ ቮልት ላይ፣ ሌላው 2 ሺህ ላይ ቢሆን፣ የመሃሉ አንድ ሺህ በአንዱ እግርህ ገብቶ በሌላው ይወጣል። እግር በሰፋ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። ገጠር የወደቀ ሽቦ አጠገብ በሬው ሞቶ ባለቤቱ የሚተርፈው ለዚህ ነው። የበሬ የፊትና የኋላ እግር ምን ያህል እንደሚራራቅ አስቡት፣ ልቡ ደግሞ መሃል ላይ ናት።


ከሂርማታ | ማክሰኞ ማታ 1:20

ይሄ ሁሉ ልክ ነው፣ አልክድም። ግን ከሩቅ ሆነው ውሃ ቢረጩስ? ለምን ዝም ብለው ያያሉ? ጎረቤቱ የዕድሜ ልክ ልፋቱን አጥቷል። ለእሱ "የሾፌሩ ሕይወት ይበልጣል" ብሎ ማስረዳት ቀላል አይደለም።


ሲኒ ቀያሪ | ማክሰኞ ማታ 1:55

ቀላል አይደለም፣ እስማማለሁ።

ውሃውን በሚመለከት ግን፣ ተያይዞ እንደ ዘንግ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ውሃ ኮረንቲ ያመጣል። የተበተነ፣ እንደ ካፊያ የሆነ ውሃ ይሻላል፣ ጠብታዎቹ ስለማይነካኩ። ጀርመኖች ርቀቱን ለክተው አስቀምጠውታል። ለቤት መስመር ለተበተነ ውሃ 1 ሜትር፣ ለቀጥታው 5 ሜትር። ከ1000 ቮልት በላይ ሲሆን ለተበተነው 5፣ ለቀጥታው 10 ሜትር። ስለዚህ ከሩቅ መርጨት ይቻላል፣ ግን ካፊያ ሩቅ አይደርስም፣ ሩቅ የሚደርሰው ደግሞ ያኛው አደገኛው ነው። የተንጠለጠለ ሽቦ ያለበት ጠባብ ቅያስ ውስጥ፣ ሕዝብ እየተራወጠ፣ መሬቱ ውሃ ይዞ... እኔ ብሆንም እቆማለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። "መብራት ጠፍቷል እኮ፣ ግቡ!" የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። መብራት ሄድ መጣ፣ ሄድ መጣ ሲል አይታችሁ የለ? ብዙ ጊዜ ማንም ሰው አይደለም የሚያበራው፣ ማከፋፈያ ጣቢያ ያለው ብሬከር ራሱ ነው። ሽቦ ላይ ቅርንጫፍ ወድቆ ከሆነ ይለቀዋል ብሎ መልሶ ይሞክራል። አሁን የሞተ ሽቦ ከሴኮንዶች በኋላ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ሰው ሄዶ ትራንስፎርመሩ ላይ ያለውን ፊውዝ በረጅም ዘንግ ማውረድ፣ ወይ ከጣቢያው ዘግቶ "ዘግቻለሁ" ማለት አለበት። አሥራ አምስት ደቂቃውን የሚበላው እሱ ነው። ለመብራት ኃይል በ905 ስትደውሉ "እሳት ተነሳ" ብቻ አትበሉ፣ የትኛው ትራንስፎርመር እንደሆነ፣ ከምን አጠገብ እንደሆነ ንገሩ።


የመጋዘን ጠባቂ | ማክሰኞ ማታ 2:30

መብራት ሲጠፋ እኮ ሰፈሩ በሙሉ ጄኔሬተር ያስነሳል። ይሄስ?


ሲኒ ቀያሪ | ማክሰኞ ማታ 2:41

አላህ ያክብርህ፣ እኔን የሚያስፈራኝን ጠራኸው። ቼንጅ ኦቨር፣ ማለትም ጄኔሬተሩን ከመብራት ኃይል መስመር የሚለየውን ማብሪያ፣ ሳያስገባ ጄኔሬተሩን በሶኬት የሚሰካ ሰው አለ። ያ 220 ወደ ኋላ ሄዶ ትራንስፎርመሩ ውስጥ ይገባል፣ ትራንስፎርመር ደግሞ ወዲያም ወዲህም ይሠራል፣ 15 ሺህ አድርጎ ወደ ላይኛው ሽቦ ያወጣዋል። የተቆረጠ መስመር ላይ የወጣ ልጅ በአንድ ሱቅ ፍሪጅ ምክንያት ሊሞት ይችላል። እኛ ለዚህ ነው መስመር ከተዘጋ በኋላም ሽቦውን ከመሬት ጋር ሳናስር የማንነካው። መጋዘንህ ቼንጅ ኦቨር አለው?


የመጋዘን ጠባቂ | ማክሰኞ ማታ 2:50

ነገ አይቼ እነግርሃለሁ። እኔ ማስነሳት ብቻ ነው የተነገረኝ።


የበርጩማው ልጅ | ሐሙስ ማታ 2:05

ተመልሻለሁ። የአክስቴን ልጅ ሐኪም ቤት ወሰድነው፣ ልቡ ታይቶ አፊያ ነው ተባለ፣ አልሐምዱሊላህ። ሰውዬውን ለመፈለግ ወጥቶ ነበር፣ ተረኛ አይደለም ተብሎ ተመለሰ። ሊያናግረው ነው እንጂ ሊደባደብ አይደለም፣ እኔ ዋስ ነኝ።

እኔ ግን ንዴቴ በሙሉ አልወጣም፣ ወደ ሌላ ዞረ እንጂ። ያ ፓሎ ካዘመመ ክረምቱ ሁለተኛው ነው። በየቀኑ ሥሩ እናልፋለን፣ ልብስ ሁሉ የሚያሰጡበት አሉ። ማናችንም ቀና ብለን አላየንም፣ አላመለከትንም። አሁን የሰፈሩ ሰው ተፈራርሞ ደብዳቤ እየጻፍን ነው። ቅያሱ አፍ ላይ ያለው ሽቦ ከመሬት 3 ሜትር ከ80 ገደማ ነው፣ ያንንም ጽፈነዋል። ጡረተኛው ሾፌር፣ መኪናው ስንት ሜትር ነው?


ጡረተኛው ሾፌር | ሐሙስ ማታ 2:20

እንደ ዓይነቱ ነው ልጄ። እኔ የነዳሁት ከነመሰላሉ ሦስት ሜትር ተኩል ያልፍ ነበር። የእናንተው ሲያልፍ የሚቀረው ስንዝር ነው ማለት ነው፣ ያውም መንገዱ ጉድጓድ ከሌለው። ጉድጓድ ውስጥ የገባ መኪና ሲወጣ ይዘላል።


ሲኒ ቀያሪ | ሐሙስ ማታ 2:24

ቆይ ቆይ። 3 ሜትር ከ80ን በምን ለካኸው?


ሲኒ ቀያሪ | ሐሙስ ማታ 2:51

የበርጩማው ልጅ? በምን ለካችሁት?


የበርጩማው ልጅ | ሐሙስ ማታ 3:15

ይቅርታ እራት ላይ ነበርኩ። አሸዋ የሚያመላልስ ሲኖትራክ ከቅያሱ ወዲህ አስቁመን፣ ከሩቅ ሆነን ከጣሪያው ጋር አስተያየነው፣ የጣሪያውን ልክ ሾፌሩ ነገረን። የአክስቴ ልጅ አጣናውን ይዞ መጥቶ ነበር። መለስነው።